ያልተቆጠረ ወገን አይታቀድለትም

እንደሚታወቀው እቅድ የሚመሠረተው በቁጥር ላይ ነው። የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የትምህርት ቤቱ መቀመጫ፣ የወረዳው በጀት የሚደለደለው ሰው ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ «ማን ተቆጠረ? ማንስ ቀረ?» የሚለው ጥያቄ የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቀበሌና የእያንዳንዱ ሠራተኛ ጥያቄ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከመቶ ሰዎች 1.6 የሚሆኑት ዓይነ ስውራን፣ 3.7 የሚሆኑት ደግሞ የማየት አቅማቸው የደከመ መሆኑን አረጋገጠ። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የማየት፣ የመስማት፣ የመንቀሳቀስና የሌላም ጉዳት ያለባቸውን ሁሉ ደምሮ ያገኘው ከመቶ 1.1 ያህል ብቻ ነበር። ዓይነ ስውራን ብቻቸውን ከአካል ጉዳተኞች ሁሉ በልጠው ተገኙ ማለት ነው! በ2003 ዓ.ም. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ሪፖርት በበኩሉ ለኢትዮጵያ 17.6 ከመቶ የሚል ግምት አስፍሯል።

የዚህ ሁሉ ልዩነት ዋነኛ ምንጭ የጥያቄው አቀራረብ ነው። አባወራው «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል «የለም» ማለት ይቀናዋል። የአሮጊቷ ዓይን ቢፈዝ እርጅና ነው ይባላል፤ መስማት የተሳነው ልጅ በኀፍረት ይሸሸጋል። በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ግን ስያሜውን ትቶ ስድስት ተግባራትን ይጠይቃል፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብና መግባባት ምን ያህል ያስቸግራል?

ሆኖም ትክክለኛ ቁጥር ብቻውን ኑሮን አያሻሽልም። በታች ጋይንት ወረዳ ያለችውን አርብ ገበያን እንመልከት። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ተደጋጋሚው ልክፍት የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠባስሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየፋቀ ብርሃንን ያጠፋል። ሕፃናትን የሚንከባከቡ እናቶች ይበልጥ ይጠቃሉ። የተቀለበሰውን የዓይን ቆብ በቀላል ቀዶ ሕክምና ማቅናት ይቻላል። ታዲያ አንዲት እናት ሕክምናው እያለ ለምን ትቀራለች? የገደሉ መንገድ ነው? ልጆቿን የሚይዝላት ማጣቷ ነው? ወይስ ፍርሃት? ይህን ከማንም አስቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ጥያቄውን አብራ ያላዘጋጀችው፣ ውጤቱም ተመልሶ ያልተነገራት ጥናት መደርደሪያ ከማሞቅ አያልፍም።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 አካል ጉዳተኞችን ማማከርን፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ መረጃ ሰብስቦ ለእነሱም ማዳረስን ግዴታ አድርጓል። የዓለም አካል ጉዳተኞች መፈክርም «ያለ እኛ፣ ስለ እኛ አይሆንም» የሚል ነው። ችሎታ የላቸውም የሚል ካለ፣ ከወሎ ሳይንት የተነሡትንና በ5 ዓመታቸው ዓይነ ስውር የሆኑትን የሕግ ባለሙያ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሴን ያስታውስ፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረጉት ትግል እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ከማኅበር አባላትና ከሠራተኞች የሚጠበቀው ምንድን ነው? አጥኚ ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ፣ አካል ጉዳተኞች ከጠያቂዎቹ መካከል አሉ ወይ ብለን እንጠይቅ። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቅረብ። የቤቱ አባወራ ብቻ ሳይሆን ባለጉዳዩ ራሱ ይናገር። ውጤቱም ለስብሰባ ቀርቦ በግልጽ ይነበብ። በየጓዳው የተሸሸገው ወገናችን ከቁጥሩም ከውሳኔውም ሊገባ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።