«ሞተሩ ግን አልተፈታም አይደል?»

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ለሜትር ታክሲ ሊገዛት ያሰባትን ያሪስ አምጥቶ አስመረመረኝ። ባለቤቱና ትንሽ ልጃቸው አብረውት ነበሩ። ሞተሯ የሚያስመሰግን ነበር፤ ቀዝቅዛ አድራ ስትነሣ አላጨሰችም፣ የዘይት መሙያ ክዳኗ ሲከፈትም ጭስ አልተፋችም። ከሥር ስገባ ግን ከፊት በግራ በኩል ያለው የአካሏ ዋና ብረት ተቆርጦ ከሌላ መኪና በመጣ ብረት ተቀጥሏል። ብየዳው እንዳይታይ ጥቁር የሥር ቀለም ተለቅልቆበታል። ወጣቱን ከሥር አስገብቼ አሳየሁት፣ በጣቱም አስዳሰስኩት። ተነሥቶ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ግን አልተፈታም አይደል?» አለኝ። አልተፈታም። ገዛት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ያሪስ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ኋላ ወንበሯ ይሄዳል።

በሥራዬ ላይ ይህን ጥያቄ ያህል ያደከመኝ ነገር የለም። ደላላው ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ሞተሩ ያልተፈታ» ይላል። ማስታወቂያ ላይ ከዋጋው አጠገብ የሚጻፈው እሱ ነው፤ ገዢውም ሊብሬውን ከማየቱ በፊት የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ተፈቷል ከተባለ ዋጋው ይወርዳል፤ ብዙው ሰው ዞሮም አያየው። ስለ አካሉ የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ ጥያቄው ስለ ጭረት፣ ስለ ጎደጎደ በር፣ ስለ ተቀየረ መብራት ነው።

ሞተር እኮ እንዲፈታ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው። በቡሎን ተያይዟል፤ የሚያልቀው ነገሩም የታወቀ ነው። ፋሻው ካለቀ ፋሻ አለ፤ ቴስታታው ከጠመመ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጋል፤ ጋስኬቱ ከተቃጠለ ይቀየራል። የባሰ ቢመጣ ሙሉ ሞተር ተፈልጎ ይገጠማል፣ ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ይስተካከላል። ገንዘብ ይበላል፣ ያበሳጫል፣ ግን መላ አለው። በጥሩ እጅ ተፈትቶ ደረሰኙ የተያዘለት ሞተር፣ ሳይፈታ ዘይት እየጠጣ ከሚኖረው ሺህ ጊዜ ይሻላል። አለመፈታቱ ጤንነቱን አይመሰክርለትም፤ ባለቤቱ ማስፈቻ ስላጣ ወይም መኪናውን ለመሸጥ ስለቸኮለ ብቻ ያልተፈታ ሞተር ዘወትር ይመጣልኛል።

አካሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ፒካፕና የጭነት መኪና ከሥራቸው ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው፤ አብዛኛው የቤት አውቶሞቢል ግን የለውም። ወለሉ፣ የበሮቹ ምሰሶ፣ ጣሪያው፣ ወደ ፊት የሚወጡት ሁለት ረጃጅም ብረቶች አንድ ላይ ተበይደው እነሱው ራሳቸው ሻንሲ ይሆናሉ። የፊቶቹ ብረቶች የተሠሩት ግጭት ሲመጣ በታሰበላቸው ቦታና ልክ ተጨማድደው ጉልበቱን እንዲውጡት፣ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን እንዳይታጠፍ ነው። የተጠናከረ ብረት ደግሞ በእሳት ሲግል ጥንካሬውን ያጣል። አንዴ ተጨማድዶ በእሳትና በመዶሻ የተቃና ብረት በሚቀጥለው ግጭት ወይ ያለ ልኩ ይታጠፋል፣ ወይ ድርብ ብየዳው ያለበት ቦታ አልታጠፍ ብሎ ምቱን በቀጥታ ለተሳፋሪው ያስተላልፋል። ኤርባጉም ከዓይን ጥቅሻ ቀድሞ የሚፈነዳ ነገር ነው፤ መቼ እንደሚፈነዳ የተሰላው ያ ብረት ፋብሪካው እንዳሰበው ይታጠፋል ተብሎ ነው።

ኤርባግን ካነሣሁ አይቀር፣ የፈነዳውን በአዲስ መተካት ውድ ስለሆነ ክዳኑ ብቻ ተጠግኖ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚሸጥ መኪና አለ። ሽቦው ላይ ትንሽ ሬዚስተር ትቀጠላለች፤ ኮምፒውተሩም ኤርባግ ያለ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ የዳሽቦርዱን መብራት ራሱን ያጠፋዋል። ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ቀበቶዎቹንም እስከ መጨረሻው ስቧቸው፤ በብዙ መኪኖች የፊት ቀበቶ በግጭት ጊዜ በፍንዳታ ኃይል ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላም አልሳብ ወይም አልመለስ ይላል። ከሥሩ የተሰፋችው ጨርቅ ላይ የተሠራበት ጊዜ ተጽፏል፤ ከመኪናው ዓመት ጋር ካልገጠመ ቀበቶው ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ለማየት የግድ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የበሩን ዙሪያ ጎማ ላጥ አድርጋችሁ ብረቱን እዩ፤ ፋብሪካ የበየደው እኩል ተራርቀው የተደረደሩ ትናንሽ ክብ ጠባሳዎች አሉት። በእጅ የተበየደው ያንን ሥርዓት አይጠብቅም። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ካገኛችሁ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም 100 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከ1,000 በላይ ካነበበ ሥሩ ስቱኮ አለ። ፓራፋንጎና ኮፈን ቢቀየሩ ግን እኔን አያስጨንቀኝም፤ በቡሎን የሚታሰሩ ናቸው፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ማግኘት ይቻላል። የሚያስጨንቀኝ የተበየደው ነው።

«ቦሎ አለው እኮ» ይሉኛል። የዓመት ምርመራው የዛሬውን ፍሬን፣ የዛሬውን መብራት ነው የሚያየው። ቀለም የተቀባ ብየዳ ፍቆ አያወጣም።

ነገሩ ለምን እየባሰ እንደመጣ ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው ታክሱን አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። መኪና እንዲህ ሲወደድ፣ ድሮ ለመለዋወጫ ተበልቶ ይቀር የነበረው የተጨፈለቀ መኪና ዛሬ ተጠግኖ ያዋጣል። የአንዱ ፊትና የሌላው ኋላ ተጋጥመው አንድ መኪና ሆነው አይቻለሁ። በባትላሜራ ሠራተኛው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው፣ እጁም የሚያስደንቅ ነው። ጠቤ ታሪኩን ደብቆ ከሚሸጠው ጋር፣ ሲነገረውም አልሰማ ከሚለው ገዢ ጋር ነው።

አሁን ደግሞ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች መምጣት ጀምረዋል፤ ጥያቄውም ከሞተር ወደ ባትሪ ዞሯል። «ስንት ፐርሰንት ቀርቶታል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ኮምፒውተር ሰክቼ እመልሳለሁ። ግን ባትሪው የተኛው ወለሉ ሥር ነው። ጎኑን ተመትቶ የተቃና፣ ወይም የባትሪው ሣጥን በድንጋይ የተመታ መኪና 95 ፐርሰንት ቢያሳይም ደህና ነው ብዬ አልፈርምበትም። ስለዚህ ነዳጅም ይሁን ኤሌክትሪክ ምርመራዬ ከሥር ይጀምራል፤ ኮፈኑ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ መኪናው በክሪክ እንዳይነሣ ከከለከለም ከገዢው ክፍያ ሳልቀበል ምርመራውን እዚያው አቆማለሁ።