የተረፈ ቀለም የት ይደፋ?

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ቤት አስቀብታችሁ ቀለም ከተረፋችሁ፣ እባካችሁ ቦይ ውስጥ አትድፉት። በዳንግላ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ የሚጠጣው ጥልቀት ከሌለው የእጅ ጉድጓድ ነው፤ መሬት ላይ የተደፋው ወደዚያው ይሰርጋል። ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፉ ወደ ግልገል አባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወስደዋል።

የውኃ ቀለም ከሆነ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ቀላቅላችሁ፣ ልጆች በማይደርሱበት ነፋሻ ቦታ አድርቁትና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጡ። የዘይት ቀለምና ቲነር ግን ከድናችሁ፣ ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ለሚቀባ ጎረቤት መስጠት ይሻላል። ብሩሽ የታጠበበት ቲነር ሲዘቅጥ ከላይ የጠራው ዳግም ያገለግላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የቀለሙ ባልዲ ነው። የአገሪቱ ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የቆየ ቀለም ግን ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የቀለም ባልዲ ቢታጠብም ውኃ አትቅዱበት፣ ጠላ አትጥመቁበት።