ነዋሪው ለጤና ጣቢያው ውጤት ሲሰጥ፦ አገልግሎትን በጋራ የማሻሻል አሠራር

በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲጠፋ፣ ወረፋ ሲረዝም ወይም አምቡላንስ ሲዘገይ ነዋሪው ለረጅም ጊዜ የነበረው አማራጭ ወይ ችሎ መኖር፣ ወይ ራቅ ወዳለ ተቋም መሄድ ነበር። ራቅ ወዳለ ተቋም መሄድ ደግሞ የመጓጓዣ ወጪና የሚባክን የሥራ ቀን ብቻ አይደለም፤ ምጥ ለያዛት እናት ወይም ትኩሳት ለበረታበት ሕፃን የሚያልፈው ሰዓት ራሱ አደጋ ነው። የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ የሚባለው አሠራር ይህን ለመለወጥ የተዘረጋ ነው። ተገልጋዮች በታወቁ መመዘኛዎች ለጤና ጣቢያቸው ውጤት ይሰጣሉ፤ ከዚያም ከባለሙያዎችና ከወረዳው ኃላፊዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ምን ጉዳይ፣ በማን፣ እስከ መቼ እንደሚስተካከል ይስማማሉ።

ይህ ተሳትፎ ከኃላፊዎች በጎ ፈቃድ የሚገኝ ችሮታ አይደለም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ተመራጭም ሆነ ኃላፊ ተጠያቂ እንዲሆን ደንግጓል። በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ተደንግጓል። ለአብዛኛው ነዋሪ ዝቅተኛው እርከን ማለት ወረዳና ቀበሌ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚያገኘው የመንግሥት ተቋምም ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ነው።

ዘዴው በመጀመሪያ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ2002 በማላዊ፣ ኬር በተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። በኢትዮጵያ በማኅበራዊ ተጠያቂነት መርሐ ግብሮች አማካይነት በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃ፣ በግብርናና በገጠር መንገድ አገልግሎቶች ላይ ሲሠራበት ቆይቶ፣ በኋላ በመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ውስጥ መደበኛ አሠራር እየሆነ መጥቷል።

የሚመዘነው ምንድን ነው?

በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር ሆኖ ወደ 25,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተደራጀ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ ስለ አንድ ተቋም የተለያየ አስተያየት ቢኖረው አይገርምም። ስለዚህ ውይይቱ በስሜትና በወሬ እንዳይበታተን ስድስት መመዘኛዎች ተለይተዋል፤ እነርሱም የባለሙያው ርኅራኄና አክብሮት፣ አገልግሎት ለማግኘት የሚወስደው የቆይታ ጊዜ፣ የመድኃኒት፣ የምርመራና የሕክምና ግብዓት አቅርቦት፣ የተቋሙ ሕንጻና መሠረተ ልማት፣ የአምቡላንስ አገልግሎትና አስተዳደሩ፣ እንዲሁም የተቋሙ ንጽሕናና ደኅንነት ናቸው።

ተገልጋዮችን የሚወክሉ የቀበሌ ነዋሪዎች በየሩብ ዓመቱ ለእያንዳንዱ መመዘኛ ውጤት ይሰጣሉ፤ ውጤቱን የሰጡበትንም ምክንያት ያስመዘግባሉ። የቀበሌዎቹ ውጤት ተጠቃልሎ የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች፣ የቀበሌና የወረዳ አስተዳደር ተወካዮችና ነዋሪዎች በተገኙበት ሕዝባዊ መድረክ ይቀርባል። በመድረኩ ማብቂያ የጋራ የማሻሻያ ዕቅድ ይወጣል። ቀጣዩ ዙር ሲመጣ ያው ተቋም በነዚያው መመዘኛዎች ስለሚመዘን፣ ቃል የተገባው መፈጸሙና አለመፈጸሙ በግልጽ ይታያል።

ከቁጥሩ በላይ ክብደት ያለው ምክንያቱ ነው። «መድኃኒት የለም» ተብሎ ዝቅተኛ ውጤት ሲሰጥ ሁሉም ይስማማል፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ ምንም አይስተካከልም። ጤና ጣቢያዎች ያላቸውን ክምችት አስታውቀው የሚፈልጉትን መድኃኒት በሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ የሚጠይቁት በየሁለት ወሩ ነው። ቅጹ ከዘገየ ወይም የተጠየቀው መጠን ካነሰ ስህተቱ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ሊታረም የሚችል ነው። ቅጹ በወቅቱ ተልኮ መድኃኒቱ ከአቅራቢው መጋዘን ካልተገኘ ግን የጤና ጣቢያውን ፋርማሲስት መውቀስ ከንቱ ነው፤ ጉዳዩ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በላይ ተይዞ መሄድ አለበት። ሦስተኛ ሁኔታም አለ። ጤና ጣቢያዎች ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስቡትን የውስጥ ገቢ ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ ስለተፈቀደላቸው፣ ለመድኃኒት ግዥ ያልተመደበው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚወስነው የኅብረተሰቡ ተወካዮችም ያሉበት የጤና ጣቢያው የሥራ አመራር ቦርድ ነው። ስለዚህ በመድረኩ ላይ የተገኘ ነዋሪ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ውይይቱ ወዲያው መልክ ይይዛል፦ ጥያቄው መቼ ተላከ? ምን ያህል ተጠየቀ? ምን ያህልስ ደረሰ?

በዚህ ላይ አጥብቆ መጠየቅ በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባላት ጥቅም ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ መድህን የቆመው አባሉ ሳይታመም በሚያዋጣው መዋጮ ነው። መዋጮውን የከፈለ አባወራ ወይም እማወራ በታመመ ጊዜ መድኃኒቱን ከግል መድኃኒት ቤት እንዲገዛ ከተነገረው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ለማደስ ማመንታቱም አይቀርም። የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ በሆነ ቁጥር የመድህኑ ቋትም እየሳሳ ይሄዳል።

ወረፋውን ለማሳጠር

የቆይታ ጊዜ ከስድስቱ መመዘኛዎች ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ሊሻሻል የሚችለው ነው። ነዋሪው «ቀኑን ሙሉ ዋልኩ» ይላል፤ ባለሙያው «የሰው ኃይል የለም» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁንና ታካሚው በካርድ ክፍል፣ በምርመራ ክፍል፣ በላቦራቶሪና በመድኃኒት ማደያ የቆየበት ጊዜ ለየብቻው ሲመዘገብ መዘግየቱ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ሊገኝ ይችላል። የቀድሞ ካርድ ተፈልጎ እስኪገኝ የሚያልፈው ጊዜ ከሐኪሙ ምርመራ ከበለጠ፣ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሐኪም ሳይሆን የካርዶቹ አቀማመጥ መስተካከል ነው።

እዚህ ላይ ከጃፓን የተወሰደው የካይዘን አሠራር ያግዛል። በአገራችን የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አሠራሩ ከፋብሪካዎች አልፎ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገብቷል። ሠራተኞች «አምስቱ ማዎች» በሚሏቸው ተግባራት ይጀምራል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። የማያስፈልገውን አስወግዶ የሚያስፈልገውን በቋሚ ቦታው ማኖር ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው፤ ጽዳቱና ቅደም ተከተሉ ከአንድ ወር ዘመቻ በኋላ የሚፈርሰው ማዝለቅ ስለሚጎድል ነው። በየሩብ ዓመቱ የሚመጣው የነዋሪዎች ምዘና ይህን ክፍተት ይሞላል፤ የውስጥ ሥራው እንዳይረሳ ከውጭ የሚጠይቅ ዐይን ይሆናል። ከነዋሪው በኩልም የሚደረግ አለ። የገበያ ቀን ወረፋ እንደሚበዛ የታወቀ ነው፤ ለክትትል ብቻ የሚመጡ ሰዎች በሌላ ቀን እንዲቀጠሩ መስማማት፣ የካርድ ቁጥርን ይዞ መምጣትም ሰዓት ያተርፋል።

አምቡላንስና የጋራ ኃላፊነት

የአምቡላንስ ጉዳይ በመድረክ ላይ ሲነሳ ከሌሎቹ ይልቅ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን መኪናው ያልመጣው ነዳጅ ስላልተመደበለት፣ ለጥገና ቆሞ፣ ለሌላ ሥራ ተሰማርቶ፣ ወይም መንገዱ በክረምት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የነዳጅና የጥገና በጀት የወረዳው ነው። መኪናው ከታለመለት አገልግሎት ውጭ መዋሉን የሚቆጣጠረውም ወረዳው ነው፤ በዚህ ረገድ ነዋሪው ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ ማስረጃ ማቅረቡ ከአጠቃላይ ወቀሳ ይልቅ ይሠራል። መንገዱን መጠገን ግን ወረዳውና ቀበሌው ከነዋሪው ጋር የሚካፈሉት ሥራ ነው። መኪና በማይደርስበት መንደር ጎረቤት ተሰብስቦ ነፍሰ ጡሯን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ጥርጊያው የሚያደርስበት ልማድ ዛሬም አለ።

ለዚህ ችግር ትብብር ካስገኛቸው መፍትሔዎች አንዱ የእናቶች ማቆያ ነው። ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ ነፍሰ ጡር የመውለጃ ጊዜዋ ሲቃረብ መጥታ በማቆያው ትሰነብታለች፤ ምጥ ሲጀምራት አዋላጇ ከአጠገቧ ናት። በብዙ ቦታ ማቆያው የተሠራው በነዋሪው ጉልበትና መዋጮ ነው፤ እህልና ማገዶም ከየቀበሌው ይሰበሰባል። ሆኖም የነዋሪው መዋጮ የመንግሥትን ድርሻ የሚተካ መሆን የለበትም። ውኃ፣ መብራትና አዋላጅ ባለሙያ ማሟላት የጤና ጣቢያውና የወረዳው ግዴታ ነው፤ በማሻሻያ ዕቅዱ ላይም የሁለቱ ድርሻ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ይሉኝታና የበጀት ጊዜ

አሠራሩ በወረቀት ላይ እንዳለው ሁልጊዜ አይሄድም። ነርሷ የጎረቤት ልጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ዘመድ በሆነችበት ቀበሌ ሰዎች በይሉኝታ ከፍተኛ ውጤት ይሰጣሉ፤ ነገ ታምሜ ስመጣ ፊት ትነሣኛለች የሚል ስጋትም አለ። የሚመዘነው አገልግሎቱ እንጂ ግለሰቧ አለመሆኗ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ሴቶች፣ ወጣቶችና አካል ጉዳተኞች ለየብቻ ተወያይተው ውጤት ሲሰጡ በጋራ ስብሰባ የማይወጣ ሐሳብ ይወጣል፤ ስለ ማዋለጃ ክፍል ግላዊነት ወንዶች በተቀመጡበት የምትናገር እናት ጥቂት ናት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ወቅቱ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ ማሻሻያ፣ ለምሳሌ የካርድ ክፍሉን ማደራጀት ወይም የሥራ መግቢያ ሰዓትን ማክበር፣ በማንኛውም ወር ሊጀመር ይችላል። የውኃ መስመር መዘርጋት ወይም ተጨማሪ ክፍል መሥራት ግን በወረዳው ዕቅድ ውስጥ መካተት ስላለበት የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ከማጽደቁ በፊት መቅረብ ይኖርበታል። በነሐሴ የቀረበ ተገቢ ጥያቄ አንድ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የቀረበው ግን ከሌሎች ፍላጎቶች ጋር ተወዳድሮ የመመደብ ዕድል አለው። ስለዚህ የበልጉ ወራት መድረክ ላይ የነዋሪው መገኘት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያስፈልጋል።

የግል ቅሬታ ያለው ሰው የት ይሂድ?

የጋራ ምዘናው በአንድ ሰው ላይ የደረሰን በደል ለመዳኘት የተቋቋመ አይደለም። ሕገ ወጥ ክፍያ የተጠየቀ፣ የተሰደበ ወይም ሕክምና የተከለከለ ተገልጋይ ጉዳዩን በቀጥታ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ሰሚው ማቅረብ ይችላል፤ ምላሽ ካጣ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይወስደዋል። በአስተዳደር በደል የተጎዳ ዜጋ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ለተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። አቤቱታ ሲቀርብ ቀኑን፣ የተሰጠውን መልስና ካለ ደረሰኙን አያይዞ ማቅረብ ጉዳዩን ያፋጥናል። የግል አቤቱታ ያቀረበ ሰው በጋራ መድረኩ ላይ ከመሳተፍ የሚያግደው ነገር የለም።

በመድረኩ ላይ መገኘት የሚፈልግ ነዋሪ የሚካሄድበትን ቀንና ቦታ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጠየቅ ይችላል። ስብሰባው ሲከፈት በመጀመሪያ ሊነበብ የሚገባው ያለፈው ሩብ ዓመት የማሻሻያ ዕቅድ ነው፤ ካልተነበበ ይነበብልን ብሎ መጠየቅ የማንኛውም ተሰብሳቢ መብት ነው።