ከመሬት አናት የሚነበብ ቁጥር

«ፒሲ» ሲባል ብዙው ሰው ኮምፒውተር ይታወሰዋል። እኔ የማወራው ስለ ዋልታ ቆብ ኢንዴክስ ነው። ከሁለት ጣቢያዎች በየደቂቃው የሚሰላ ቁጥር ነው፤ ሰሜናዊው ግሪንላንድ ውስጥ ያለው ቃናቅ፣ ደቡባዊው የአንታርክቲካው ቮስቶክ።

መሠረቱ ቀላል ነው። ከፀሐይ የሚነፍሰው ነፋስ የራሱን መግነጢስ ይዞ ይመጣል። ያ መግነጢስ ወደ ደቡብ ሲያዘነብል የመሬት ጋሻ ይከፈትለታል፤ ከዋልታው በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ መሬት ላይ ያለው ማግኔቶሜትርም ይህን ይመዘግባል።

ሰው የለመደው ኬፒን ነው። ኬፒ ከ13 ታዛቢ ጣቢያዎች በየ3 ሰዓቱ የሚወጣ የመሬት መግነጢስ መናወጥ መለኪያ፣ የጁሊየስ ባርቴልስ ድንቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከ13ቱ አንዱም ዋልታ ቆብ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ኬፒ ዝቅ ብሏልና ዋልታው ጸጥ ብሏል» የምትሉ ወዳጆቼ፣ ያልጠየቃችሁትን ምስክር ቃል እየጠቀሳችሁ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ከዋልታው በላይ የሚፈስሰው ጅረት አቅጣጫውን የሚይዘው በፀሐይ ነው። ከሥሩ ያለችው ቃናቅ ግን ከመሬት ጋር ትዞራለች። ጅረቱ ምንም ሳይለወጥ፣ አሁን በሰሜን-ደቡብ መስመር ላይ የታየው መናወጥ ከስድስት ሰዓት በኋላ በምሥራቅ-ምዕራብ መስመር ላይ ይታያል። ተማሪ ሳለሁ የቃናቅን የአንድ ቀን መዝገብ ስስል የሰሜኑን መስመር ብቻ ወሰድኩ። መናወጡ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ተገልብጦ ይመለሳል። ሁለት ቀን ሙሉ መሣሪያውን ስጠረጥር ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ አድርጌ ከሰዓቱ ጋር ሳዞራቸው፣ ያ ሁሉ ውዥንብር አንድ የተረጋጋ ጅረት ሆኖ ወጣ።

ፒሲን የቀመሩት የኦሌግ ትሮሺቼቭና የባልደረቦቹ ብልሃት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ለእያንዳንዱ ወርና ሰዓት፣ የመሬቱ ንባብ ከፀሐይ ነፋስ ኤሌክትሪክ መስክ ጋር ይበልጥ የሚስማማበትን አቅጣጫ ከብዙ ልኬቶች ፈለጉ። ከጠቅላላው መናወጥ የሚቆጠረው በዚያ አቅጣጫ ያለው ድርሻ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ አንድ ቋሚ ይቀነሳል፤ ቀሪው ለዚያ ወርና ሰዓት በተሰላ ሌላ ቁጥር ይካፈላል። ማካፈሉ ከንቱ አይደለም። በበጋ ፀሐይ ስለማትጠልቅ የላይኛው አየር ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፤ ያው መስክ ከክረምቱ የበለጠ ጅረት ያስነሳል። ከተካፈለ በኋላ ግን ብርሃን ያላት ቃናቅና ጨለማ የዋጣት ቮስቶክ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣሉ። መለኪያውም ናኖቴስላ መሆኑ ቀርቶ ሚሊቮልት በሜትር ይሆናል። ሳተላይት ከፊት ለፊት የሚመጣውን ይነግረናል፤ ፒሲ የገባውን።

ይህ ሁሉ ከመሰላቱ በፊት የጸጥተኛ ቀን መነሻ መስመር፣ ማለትም መናወጥ በሌለበት ቀን የሚታየው ንባብ፣ መቀነስ አለበት። ባለሙያዎች አጥብቀው የተከራከሩት በዚህ መስመር ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የጂኦማግኔቲዝም ማኅበር ኢንዴክሱን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሰሉ ቁጥሮችን ከአሁኖቹ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ የምትቀላቅሉ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ነገሩ የዋልታ ብቻ አይደለም። የዋልታው መስክ በድንገት ሲዘልል በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ ያለው ጅረትም በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃነቃል። አዲስ አበባ ያለው ታዛቢ ጣቢያ ደግሞ የተተከለው እዚያው ጅረት አጠገብ ነው።

አንድ ቅሬታ ቀረኝ። ፒሲ ከዜሮ በታች ሲወርድ ምልክቱን የሚሰርዙ፣ ወይም ዜሮ ብለው የሚጽፉ አሉ። የፀሐይ ነፋስ መግነጢስ ወደ ሰሜን ሲያዘነብል፣ በተለይ በበጋ፣ ከዋልታው በላይ ያለው ጅረት አቅጣጫውን ይገለብጣል። የመቀነስ ምልክቱ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያውም አልተበላሸም።