የሶፍትዌር ባለሙያነት ምንነትና ትምህርቱ በአዊ ዞን

በሶፍትዌር ሥራ የበሰለ ባለሙያን ከጀማሪ የሚለየው የሚያውቃቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች ብዛት አይደለም። ኤሊዮት ሶሎዌይና ኬት ኧርሊክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በተለመደው ወግ የተጻፈ ኮድ ሲቀርብላቸው ከጀማሪዎች እጅግ ልቀው ቢገኙም፣ ወጉ ሲጣስ ብልጫቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ይህም ባለሙያው ኮድን የሚረዳው በልምድ ካከማቻቸው የአሠራር ንድፎች ጋር እያዛመደ መሆኑን ያመለክታል። ፒተር ናውር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የፕሮግራም ዋናው ነገር ሠሪዎቹ ስለ ችግሩና ስለ መፍትሔው የያዙት ግንዛቤ እንጂ የተጻፈው ኮድ ብቻ ስላልሆነ፣ ሠሪዎቹ ሲበተኑ ፕሮግራሙ ይሞታል ሲል ተከራክሯል።

ከዚህ ግንዛቤ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጉዳይ ዕውቀት፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚያገለግለውን ሕዝብና ሥራ ማወቅ ነው። ለምሳሌ፣ በአዊ ዞን ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውና በግእዝ ፊደል የሚጻፈው አገውኛ በራሱ ተናጋሪዎች አውጚ ይባላል፤ በስሙ ውስጥ ያለው ጚ በአማርኛ የሌለ የሰርን ድምፅ የሚወክል ከጘ ቤት የሆነ ፊደል ነው። የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚመድበው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ጚንም አብሮ ቢይዝም፣ ቁጥር መሰጠቱ ብቻውን ፊደሉ በኪቦርድ ለመተየብ፣ በፎንት ለመታየትና በፍለጋ ለመገኘት ዋስትና አይሆንም። ሥራውን በአማርኛ ፊደላት ብቻ የፈተሸ ፕሮግራመር ጉድለቱን አያየውም። የጳጉሜን ወርና የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም አለማገልገሉም ከውጭ የመጡ ቅጾችን የሚያውኩት በዚሁ የጉዳይ ዕውቀት እጥረት ምክንያት ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በዞኑ የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል ሲሆን፣ እንደ ዳንግላ ባሉ ከተሞች ላሉ ወጣቶች የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሌላው መንገድ ነው፤ ይህኛው በተለምዶ ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና ይለካል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተና ጽንሰ ሐሳብን በሚገባ ሊመዝን ይችላል፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ኮድ አንብቦ መጠገንን፣ የባለጉዳይን ፍላጎት ጠይቆ መረዳትንና የራስን ውሳኔ ለተተኪ ማስረዳትን በምርጫ ጥያቄ መለካት አስቸጋሪ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ተማሪዎች በየዓመቱ ከባዶ ጀምረው ሠርተው ሲመረቁ ሥራው አብሯቸው ያበቃል። አንዱ ዓመት የሠራውን የትምህርት ቤት መዝገብ ሥርዓት ቀጣዩ ዓመት ከነጉድለቱ ተረክቦ አገውኛ እንዲያነብ ቢያደርገው፣ ናውር የጠቀሰው የግንዛቤ ቅብብል በክፍል ውስጥ ሊፈተን በቻለ።