ዛሬ ቡራዩ ላይ ያስቆምኩት ሙሌት

በንዴት ስለምጽፍ ቅደም ተከተሉ ቢዛባ ታገሡኝ።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቡራዩ አንድ ጂ+2 ቤት ደረስኩ። ሚክሰሩ ተነሥቷል፤ ሲሚንቶው ተደርድሯል፤ ቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ቆመዋል። የአንደኛው ፎቅ 12 ኮለኖች ሊሞሉ የቀረው የእኔ እሺታ ብቻ ነው። ፎርሙ ገና ወዳልተዘጋ አንድ ኮለን ተጠግቼ ሜትር ዘረጋሁ። ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን በሚያስረው ስታፋና በቀጣዩ ስታፋ መካከል 25 ሴንቲ። ወደ ላይ ቀጠልኩ። ቢሙ ከሚያርፍበት ሥር ግማሽ ሜትር ሙሉ አንድም ስታፋ የለም፤ አራት ባለ 14 ፌሮ ብቻውን ቆሟል። ፌሮ ሠራተኛውን ስጠይቀው፣ «ቢም ስናስር እንዳያስቸግረን ብለን ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» አለኝ። ሁልጊዜ!

ሙሌቱን አስቆምኩ። ባለቤቱ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ስልካቸውን አውጥተው አንድ የድምፅ መልእክት ከፈቱልኝ። «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመታል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሜዳ ላይ እደሩ» ይላል። «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ። እሳቸው ቤተሰባቸውን ይዘው ሱሉልታ ዘመድ ግቢ ሊያድሩ ተሰናድተዋል። ልጆቻቸውን የሚወዱ አባት ናቸው፤ ለልጆቻቸው ሲሉ የሱሉልታን ብርድ ሊችሉ ቆርጠዋል። እነዚያው ልጆች ዕድሜ ልካቸውን የሚተኙበት ቤት ግን ያለ በቂ ስታፋ ሊሞላ ነበር። ይህን የነገራቸው ሰው የለም። ስለዚህ ልንገራችሁ።

1. ቀንና ሰዓት ጠቅሶ የሚመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ መልእክት ውሸት ነው። ጃፓንም፣ ካሊፎርኒያም፣ ማንም አገር ይህን ማድረግ አይችልም። ሳይንሱ የሚያውቀው የትኛው አካባቢ እንደሚነቃነቅ ነው፤ «ዛሬ ሌሊት» ማለት አይችልም። አካባቢያችን ግን መነቃነቁ የታወቀ ነው። አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞቻችን የስምጥ ሸለቆው ትከሻ ላይ ነን። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ አላርፍ አለ፤ ከሥር ቅልጥ ዓለት እየገፋ ስንጥቅ ይከፍት ነበር። ታኅሣሥ 26 ከንጋት በፊት በሬክተር 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0 ደረሰ። አፋርና ኦሮሚያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ። እኛ 150 ኪሎ ሜትር ርቀን አልጋችን ተወዛወዘ፤ የደረሰን ጅራቱ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የመታው ማጀቴን አፍርሷታል። በ1898 ነሐሴ ላይ የደረሰው ደግሞ ገና አዲስ የነበረችውን አዲስ አበባን አስደንግጧታል። ስለዚህ ነገ ይመጣል አይመጣም የሚለው ክርክር ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ቤታችሁ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ነው ጥያቄው።

2. «የሕይወት ሦስት ማዕዘን» የሚባለውን፣ ከሶፋ ወይም ከመኪና ጎን ተኙ የሚለውን ሥዕል እባካችሁ አታስተላልፉ። በሚነቀነቅበት ሰዓት የቤት ዕቃ ይንሸራተታል፣ ይገለበጣል፤ አጠገቡ የተኛውን ይጫናል። ትክክለኛው ዝቅ ማለት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ እግሩን መያዝ ነው። ጠረጴዛ ከሌለ ከመስታወት ርቆ አንገትንና ጭንቅላትን በክንድ መሸፈን። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ወደ ደረጃ አይሩጥ፤ በረንዳም ላይ አይውጣ። ምድር ቤት ሆኖ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ላይ ያለ ሰው ይውጣ፤ ግን ከአጥሩ ይራቅ። ብዙው አጥራችን ብረት የሌለው ብሎኬት ነው፤ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

የድንገተኛ ጊዜ ቦርሳ ስለማዘጋጀት አልጽፍም። ውኃ፣ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ የመታወቂያና የካርታ ኮፒ፤ ሁሉም ያውቀዋል።

3. ስታፋ።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አይታችኋል። ያ ሁሉ ሸክም አንድ ላይ የሚሄደው በማሰሪያው ነው። ማሰሪያው ከላላ ጭራሮው መንገድ ላይ ይበተናል፤ ጭራሮው ስለደከመ አይደለም። ኮለንም እንዲሁ ነው። ቋሚዎቹ ፌሮዎች ጭራሮው ናቸው፤ ስታፋው ማሰሪያው ነው። ቤቱ ዝም ብሎ ሲቆም ክብደቱን ኮንክሪቱና ቋሚው ፌሮ ይሸከሙታል፤ የስታፋው መጉደል አይታወቅም። ለዚህ ነው ባለቤቶች «ያለፈውም ቤቴ እንዲሁ ተሠርቶ ይኸው ቆሟል» የሚሉኝ። መሬቱ ወደ ጎን ሲያወዛውዘው ግን ጫናው ሁሉ የሚበረታው ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ከላይና ከታች ነው። እዚያ ጋ ኮንክሪቱ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ስታፋው ጠበቅ ብሎ ካቀፈው የተሰነጠቀውም ኮንክሪት እንደታቀፈ ይቆያል፤ ቤቱ ይጎዳል እንጂ ሰው ይወጣል። ስታፋ ከሌለ ፌሮው እንደ ሽቦ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ኮንክሪቱ ይፈሳል፤ ላይኛው ሶሌታ ታችኛው ላይ ይቀመጣል።

እና የእኛ ሠራተኞች ስታፋ የሚያጎድሉት በትክክል የት ነው? እዚያው መገናኛው ጋ! መሐል ላይ፣ ብዙ በማያስፈልግበት፣ ይደረድሩታል፤ ከቢሙ ሥር ሲደርሱ ያስቸግራል ብለው ይተዉታል። አሥራ አንድ ዓመት ሳይት ላይ ስሠራ ይህን ያላየሁበት ክረምትም በጋም የለም።

ልኩ ይኸውላችሁ፤ ስክሪን ሾት አድርጋችሁ ያዙት። ከእያንዳንዱ ቢም ሥርና ከእያንዳንዱ ሶሌታ በላይ ቢያንስ 45 ሴንቲ ድረስ ስታፋው ይጠብቃል። ርቀቱ ምን ያህል? የቋሚው ፌሮ ውፍረት 8 እጥፍ። ባለ 14 ከሆነ 8 ጊዜ 14 ሚሊ ሜትር፣ 11 ሴንቲ ገደማ፤ እኔ 10 አድርጉት እላለሁ። መሐሉ ላይ በፕላኑ መሠረት ሊሰፋ ይችላል። ኮለኑና ቢሙ በሚሻገሩበት ውስጥም ስታፋ ይገባል፤ አዎ ያስቸግራል፤ ግን ይገባል። የስታፋው ጫፍ ደግሞ እንደ ኤል 90 ዲግሪ ታጥፎ አይቀርም። ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ ታጥፎ የኮንክሪቱን ሆድ መንከስ አለበት፤ ለባለ 8 ፌሮ ጅራቱ 8 ሴንቲ። 90 ዲግሪ የታጠፈ ስታፋ የላይኛው ኮንክሪት ሲረግፍ ይከፈታል፤ እንዳልነበረ ማለት ነው።

ዋጋው ነው እንዳትሉኝ፤ አብረን እናስላ። አንድ ሜትር ባለ 8 ፌሮ 0.395 ኪሎ ይመዝናል። ለ25 በ25 ኮለን አንድ ስታፋ አንድ ሜትር ገደማ ይበላል። የዛሬውን ለማስተካከል በአንድ ኮለን 12 ስታፋ ያህል መጨመር ነበረበት፤ 5 ኪሎ የማይሞላ። 12 ኮለን ጊዜ 5፣ በአንድ ፎቅ 60 ኪሎ ብረት። ለሙሉው ቤት 2 ኩንታል አይሞላም! ይህ የቀረባቸው ባለቤት ለሳሎኑ ጂፕሰም ኮርኒስና ለፊት ለፊቱ መስታወት የያዙትን ብር ነግረውኛል፤ እዚህ አልጽፈውም።

ለሚያከራይ ሰው ደግሞ አንድ ነገር። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ቡራዩን፣ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ የጅማን መንገድ ተመልከቱ። ምድሩ ሙሉ በሙሉ ሱቅ ነው፤ የፊት ግድግዳ የለም፤ ከላይ ግን ክፍሎቹ በብሎኬት ተሞልተዋል። ከባድ ራስ በቀጫጭን እግሮች ላይ። ሲወዛወዝ ጣጣው ሁሉ በዚያ ባዶ ፎቅ ኮለኖች ላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቤት የምትሠሩ ከሆነ የምድሩን ኮለን አወፍሩ፤ ኢንጂነራችሁን የጎንና የኋላ ግድግዳ በኮንክሪት እንዲሆን ጠይቁት። በአንጻሩ በደንብ የተማገረ የጭቃ ቤት በቆርቆሮ ክዳን ቀላልና ተጣጣፊ ነው። የእንጨቱ እግር ካልበሰበሰ ወይም ምስጥ ካልበላው፣ ብረት ከሌለው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ቤት የተሻለ መወዛወዝን ይችላል። እናቶቻችንን ጭቃ ቤት በመኖራቸው አታስፈራሯቸው።

በ2010 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ሄይቲን በሬክተር 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። በሚቀጥለው ወር ቺሊን 8.8 መታት፤ የሄይቲውን 500 እጥፍ ኃይል ማለት ነው። የሞተው ሰው 500 ገደማ ነበር። ለዚህ ሁሉ ልዩነት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ቺሊዎች ኮለናቸውን አስረው መሥራታቸው ነው።

4. ጎርፍና ናዳ። ለእኛ ከተሞች በየዓመቱ የሚመጣው ይህ ነው፤ ቪዲዮ ስለሌለው ማንም ሼር አያደርገውም። የሱሉልታ ሜዳ ዋልካ ነው፤ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፣ ውኃ ይይዛል። ሜዳው በርካሽ ተገኘ ብሎ የሚገዛ ሰው በጥር ሳይሆን በነሐሴ ሄዶ ይየው። ሰበታ በኩል ወንዝ ዳር ያላችሁ ደግሞ እናንተ ጋ ባይዘንብም ላይኛው አገር ከዘነበ ውኃው ሌሊት እንደሚደርስ አትርሱ። በሐምሌ 1998 ድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ የመታት እንዲሁ ነው፤ ከ250 በላይ ሰው በተኛበት ሄደ። ቡራዩ ላይ ቁልቁለት ቆርጣችሁ ቤት የሠራችሁ፣ ከኋላችሁ ያለው አፈር ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ካልነበረበት የሚፈልቅ ውኃ ካያችሁ በዚያው ቀን ከቤቱ ውጡ። ጎረቤት ላይ ናዳ ከወረደ ደግሞ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ አትግቡበት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ላይ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትን ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። አንድ ሰው ከላይ ቆሞ አፈሩን ይመልከት፤ መንቀሳቀስ ከጀመረ ይጩህ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፤ የቀሩኝን እንደመጡልኝ ልጻፋቸው።

ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴ መኝታ ክፍል ገብቼ ቁም ሣጥኑ ከራስጌዋ ቆሞ፣ በላዩ ላይ ሁለት ሻንጣና የድሮ ቴሌቪዥን ተጭኖ አገኘሁ። እኔ መሐንዲስ ልጇ! ሻንጣውንና ቴሌቪዥኑን አወረድኩ፤ ቁም ሣጥኑን በሁለት የብረት ክርን ከግድግዳው ጋር አሰርኩት። እሷ «ምን ሆነህ ነው አንተ ልጅ?» እያለች ቆማ ታየኝ ነበር። ዛሬ ማታ አልጋችሁ ላይ ጋደም ብላችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። የሚወድቅባችሁ ነገር ካለ አንሡት።

ሮቶ። 2000 ሊትር ውኃ 2 ቶን ነው። ጣሪያችሁ ላይ ወይም በቀጭን ላሜራ ማማ ላይ 2 ቶን አስቀምጣችሁ ሥሩ መኪና ታቆማላችሁ፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ማማውን ከኮንክሪት ጋር አሳስሩት፤ ከመኝታ ቤት በላይ አታድርጉት።

ቁልፍ። መስኮታችን ሁሉ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ለሌባ ብለን ነው፤ ትክክል ነው። ሌሊት ግን በሩን በጓጉንቸር ዘግተን ቁልፉን አባት ኪስ ውስጥ እናሳድራለን። መብራት በጠፋበት፣ አቧራ በሞላበት ክፍል ያንን ሱሪ ማን ያገኘዋል? በሩ አጠገብ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው ሚስማር ላይ ይሰቀል፤ ትንሿም ልጅ ትወቀው። ጫማ ከአልጋ ሥር ይሁን፤ መስታወት ከተሰበረ በባዶ እግር አትሄዱም። ስትወጡ የጋዝ ሲሊንደሩን ዝጉ፤ ቆጣሪውን አጥፉ። ስልክ ይጨናነቃል፤ አጭር መልእክት ላኩ። ልጆች የት እንደሚጠብቋችሁ ዛሬ ተነጋገሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ደግሞም ሜዳ ላይ የምታድሩ ሰዎች፣ ከሰል መኪና ውስጥ ወይም በላስቲክ በተሸፈነ መጠለያ ውስጥ አታስገቡ። ከሰሉ ቢቀላም፣ ጭስ ባይኖረውም ይገድላል። ከውሸት መልእክት ሸሽቶ በከሰል የሚሞት ቤተሰብ እንዳልሰማ እፈራለሁ።

ስለ ተቆጣጣሪዎች አልናገርም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። የሕንፃ ኮድ አለን። የመሬት መንቀጥቀጡ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 8፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ ለአዲስ አበባ አካባቢ የሚታሰበውን የመሬት ንቅናቄ ከፍ አድርጎታል። ፕላኑ ላይ ማኅተም አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት በሠራሁበት ሳይት ተቆጣጣሪው ሶሌታ ሙሌት ቀን መጣ፤ ፎቅ ቆጠረ፤ ከአጥር ያለውን ርቀት ለካ፤ ፈረመ፤ ሄደ። መሰላሉ ላይ አልወጣም። አንድም ኮለን ላይ ሜትር አልዘረጋም። ቢሮው ሄጄ ሳመለክት «የባለሙያ እጥረት አለብን» ተባልኩ። እጥረት መኖሩን አምናለሁ። ግን ያን ፊርማ ያየ ባለቤት ቤቴ ተመርምሯል ብሎ ይተኛል! ፊርማው ባይኖር ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ይጠራጠር ነበር። ቱርክም ኮድ ነበራት፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር በመሬት መንቀጥቀጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎቿን ቀበረች። ጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ለሠራው ደሀ ይህን አልልም፤ እሱ ምርጫ አልነበረውም። የምናገረው ማኅተም ላለው፣ ደመወዝ ለሚከፈለው ነው።

ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ፎርሙ ከመዘጋቱ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ የኮለኑን ጫፍና ሥር ፎቶ አንሡና ላኩልኝ። በነጻ አያለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ፎርማኑ ደወለ። 144 ስታፋ አጥፈው ጨርሰዋል። ጅራቱን ስጠይቀው 90 ዲግሪ ነው አለኝ። ደግማችሁ እጠፉት ብዬዋለሁ፤ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ።