ከጉልበቷ በፊት ፍሬኗ

ከነሹፌሯ 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እየከነፈች ኩርባ ፊት ደረሰች እንበል። ለመታጠፍ ፍጥነቷን ወደ 80 ማውረድ አለባት። ሹፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ እስኪለቅ ሦስት ሰከንድ ያህል ነው። በዚያች አፍታ አራቱ ፍሬኖች የሚቀበሉት ሙቀት ከሁለት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በከተማ መንገድ እንዲህ ያለ ፍሬን የሚያዘው ሰው ድንገት አስፋልት ውስጥ ሲገባ ነው። በውድድር ትራክ ላይ ግን በየዙሩ ሁለቴ ሦስቴ ይደገማል፤ ያውም ለሃያ ደቂቃ ያለ እረፍት።

የገዛ መኪናውን ይዞ ትራክ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ከዚህ ስሌት ቢነሳ ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል። ለመንገድ የተሠራ መኪና ትራክ ላይ በአብዛኛው የሚሸነፈው በሙቀት ነው። ስለዚህ ወጪውም ሙቀቱ የሚጠራቀምበትን ቦታ እየተከተለ ቢሄድ ያዋጣል። ይህን ለማሳየት ደግሞ ከማዝዳ ሚያታ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጋዜጠኛ ሐሳብ ነው። ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1979 የማዝዳ የምርምርና ልማት ኃላፊ ለነበሩት ለኬኒቺ ያማሞቶ አንድ ነገር አነሳላቸው፤ እንግሊዞች ይሠሯቸው የነበሩት ቀላል፣ ርካሽና ጣራቸው የሚከፈት የስፖርት መኪኖች እየጠፉ ስለሆነ ማዝዳ ቦታቸውን ይያዝ የሚል። በዓመቱ የእንግሊዙ ኤም ጂ ቢ መኪና ምርት ቆመ። ማዝዳ ግን ሐሳቡን አልጣለውም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1989፣ ሚያታ በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየች። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። መነሻ ዋጋዋ 13,800 ዶላር ነበር። በብዙ አገር ኤም ኤክስ-5 ተብላ የምትታወቀው ይህች መኪና በ2000 በዓለም እጅግ ብዙ የተሸጠች ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ተብላ በጊነስ ተመዘገበች። በኤፕሪል 2016 ደግሞ አንድ ሚሊዮነኛዋ ከፋብሪካ ወጣች።

ይህን ያህል መመረቷ ለትራክ ወዳጆች ትልቅ ጥቅም አለው። መለዋወጫዋ በየቦታው ይገኛል፤ የሚሰበረው ነገር አስቀድሞ ታውቋል፤ መፍትሔውም ተሞክሯል። አሠራሯም ቢሆን ለርካሽ መኪና ከሚጠበቀው በላይ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ከላይና ከታች በሁለት ክንዶች የተያዘ ስለሆነ መኪናዋ ወደ ጎን ስታዘነብል ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ግንኙነት ብዙም አይበላሽም። ሞተሩ ከፊት ነው፤ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ናቸው። ክብደቷም በፊትና በኋላ መካከል እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ተከፍሏል። ጉልበቷ ማነሱ ራሱ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ከኩርባው ቀርፋፋ ሆኖ የወጣ ሰው ጋዝ ረግጦ የባከነውን ፍጥነት መመለስ ስለማይችል ጥፋቱን ወዲያው ያየዋል።

የገዛ መኪና ተይዞ የሚወጣበት የትራክ ቀን የሚባለው ራሱ ውድድር አይደለም። አዘጋጆች ትራኩን ይከራያሉ፤ አሽከርካሪዎችን በልምዳቸው ይመድባሉ፤ ለጀማሪው ከጎኑ የሚቀመጥ አሠልጣኝ ይሰጡታል። በጀማሪዎች ምድብ ማለፍ የሚፈቀደው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ያውም ፊት ያለው ሹፌር እጁን አውጥቶ ሲፈቅድ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ከሆኑት ትልልቅ ትራኮች አንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያስነዳው የዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት ነው፤ ዋናው መስመሩ 3.2 ኪሎ ሜትር ርዝመትና አሥር ኩርባዎች አሉት።

ወደዚያ ለመሄድ የተነሳ የሚያታ ባለቤት የመጀመሪያ ገንዘቡን ፍሬን ላይ ቢያውል ትክክል ነው። በፍሬን ውስጥ ቶሎ እጅ የሚሰጠው የማይታየው ክፍል ነው፤ የፍሬን ዘይቱ። ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ ውሃ በገባበት መጠን የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 ተብሎ የሚሸጠው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሲየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ዘይት አይታመቅም፤ አረፋ ግን ይታመቃል። ሹፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ያለ ምንም መከላከያ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ መኪናዋ ግን ፍጥነቷን አትቀንስም። ይህን አደጋ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችል የፍሬን ዘይት ገዝቶ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ነው። ለትራክ ከሚወጡት ወጪዎች ሁሉ ርካሹ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ የፍሬን ሸራው ይመጣል። የመንገድ ሸራ ማለዳ በብርድ እንዲይዝና እንዳይጮህ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። የትራክ ሸራ በተቃራኒው ከሞቀ በኋላ ነው የሚነክሰው። ይጮኻል፤ ቸርኬውን በጥቁር አቧራ ይሸፍነዋል። ብዙዎች ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሸራ ይዘው በትራኩ ዋዜማ ይቀያይራሉ። ትልልቅ ዲስክና ባለ ብዙ ፒስተን ፍሬን መግዛት ግን ሞተሯ ላልተነካ ሚያታ አያስፈልግም። መኪናዋ ቀላል ስለሆነች የፋብሪካው ዲስክ ከጥሩ ሸራና ከጥሩ ዘይት ጋር ይበቃታል። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ቆመው ሲያበቁም የእጅ ፍሬን አለመያዝ የትራክ ሰዎች ሁሉ ልማድ ነው። የጋለ ሸራ ዲስኩን አንድ ቦታ ላይ ጨምቆ እንዳይቆይ ነው።

ጣራዋ የሚከፈት መኪና ከሙቀት ውጭ ሌላ ጉዳይ አላት፤ ይህኛው ለድርድር አይቀርብም። ሚያታ ብትገለበጥ የፊት መስታወቱ ፍሬም ክብደቷን ተሸክሞ ሰው አያድንም። ስለዚህ ብዙዎቹ የአሜሪካ አዘጋጆች ከመቀመጫው ኋላ ከመኪናዋ አካል ጋር በቡሎን የሚታሰር የብረት ቅስት ካልተገጠመ ትራክ አያስገቡም። የሚፈተሸው ደግሞ በጣም ቀላል በሆነ መንገድ ነው። ሹፌሩ የራስ ቁሩን አድርጎ፣ ቀበቶውን አጥብቆ ይቀመጣል። ፈታሹ ረጅም እንጨት፣ ብዙ ጊዜ የመጥረጊያ እጀታ፣ አንዱን ጫፍ ከቅስቱ አናት ላይ፣ ሌላውን ከፊት መስታወቱ ፍሬም ላይ ያጋድማል። የራስ ቁሩ እንጨቱን ከነካ ሹፌሩ ወደቀ። አንዳንድ አዘጋጆች አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይጠይቃሉ። ቁመተ ረጅሞች የመቀመጫውን ስፖንጅ ቀርፈው ወይም ዝቅ ያለ መቀመጫ ገጥመው ያልፋሉ። ቅስቱ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ መሸፈኛ መጠቅለልም አለበት። በተራ መንገድ ላይ ያለ ራስ ቁር የሚነዳ ሰው ከኋላ ቢገጭ ጭንቅላቱን የሚመታው ያው የሚጠብቀው ብረት ነውና።

ከዚያ ሞተሩ። የሚያታ ሞተር ቤተሰብ መጀመሪያ ያገለገለው በማዝዳ 323 ነው፤ እዚያ ሞተሩ አግድም ነው የተኛው። ሞተሩን የሚያቀዝቅዘው ውሃ ፖምፓው ባለበት ጫፍ ገብቶ አራቱንም ሲሊንደሮች አልፎ በሌላው ጫፍ ይወጣ ነበር። በሚያታ ላይ ሞተሩ በቁመት ሲቀመጥ ያ መውጫ ከሹፌሩ ክፍል ግድግዳ ጋር ስለተጋፈጠ መሐንዲሶቹ ቴርሞስታቱንና መውጫውን ወደ ፊት አመጡት። በዚህም የተነሳ ብዙው ውሃ ከፊት ገብቶ ከፊት ይወጣል፤ ወደ ኋላ የሚደርሰው ከፊሉ ነው። በመጨረሻ ያለው አራተኛው ሲሊንደር ከወንድሞቹ ይልቅ ይሞቃል። ለሥራ መመላለሻ ይህ ምንም አያመጣም። በበጋ ቀን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጋዝ ሲረገጥ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሚቃጠልበት መንገድ ይከፈታል። መካኒኮች ያገኙት መላ የፊቱን መውጫ ደፍነው ውሃው እንደ ጥንቱ ከኋላ እንዲወጣ ማድረግና በቧንቧ ወደ ራዲያተሩ መመለስ ነው። ይህ በተለይ ሞተራቸውን ላጎለበቱ ሰዎች ይመከራል።

ከዚያ በፊት ግን ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩን ማየት ይቀድማል። የፋብሪካው ራዲያተር ላይኛው ክፍል ፕላስቲክ ነው፤ ሲሠራ ጥቁር ነበር፣ ሲያረጅ ቡናማ እየሆነ ይሄዳል። ቡናማ ከሆነ ሊሰነጠቅ ስለቀረበ በአሉሚኒየም መተካት ነው። ከመኪናዋ ሆድ ሥር የነበረው የፕላስቲክ መሸፈኛም መኖሩ ይታይ። ዘይት ለመቀየር ሲፈታ ተጥሎ የቀረባቸው ሚያታዎች ብዙ ናቸው። ያ መሸፈኛ ከሌለ ነፋሱ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፍ ትቶ በሥሩ ይሾልካል። አዲስ ራዲያተር ገዝቶም ሙቀቱ ያልወረደለት ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህ ነው። የፋብሪካውን የሙቀት መለኪያ ማመንም አይገባም፤ ሹፌሩን እንዳያስጨንቅ ሲባል መርፌው በሰፊ ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጓል። ከ1995 ወዲህ ባሉት ላይ የሞተር ዘይት ግፊት መለኪያውም ቢሆን ግፊት አለ ወይም የለም ከማለት ያለፈ አይናገርም። ትክክለኛ ቁጥር የሚያሳዩ ሁለት መለኪያዎች መግጠም ከአንድ ሞተር ዋጋ እጅግ ያንሳል።

ጎማ ላይ ምርጫው ቀላል ነው። የመጀመሪያዋ ሚያታ 14 ኢንች ቸርኬ ነበራት፤ ዛሬ አብዛኛው የትራክ ሰው 15 ኢንች ቸርኬ ላይ 205/50 ጎማ ይገጥማል። ያዥ የሆነ ጎማ መግዛት ሰዓቱን ያሳጥራል። ነገር ግን ለጀማሪው ተራ ጥሩ የመንገድ ጎማ ይሻለዋል፤ ቀደም ብሎ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተትም አስቀድሞ ይናገራል። ጎማው ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምር ከየሃያ ደቂቃው ሩጫ በኋላ መለካትና ማስተካከል ያስፈልጋል። ዊል አላይመንቱም አይረሳ። የፋብሪካው ቡሎኖች ራሳቸው የጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ለማስተካከል ስለሚፈቅዱ፣ ምንም ዕቃ ሳይገዙ ጥሩ ባለሙያ ዘንድ አንድ ሰዓት ማሳለፍ ብቻ የመኪናዋን ጠባይ ይለውጠዋል። ሞላና ሾክ አብዞርበር ቀጥለው ይመጣሉ፤ ግን ዝቅ ለማድረግ ብቻ ተብሎ የተቆረጠ ሞላ መኪናዋን ከማበላሸት ሌላ ሥራ የለውም።

ጉልበት መጨመር የሚፈልግ ሰው እዚህ ድረስ ሲታገሥ ቆይቷል። የአየር ማስገቢያና ማርሚታ መቀየር ድምፁን እንጂ ጉልበቱን ብዙም አይለውጠውም። እውነተኛ ጉልበት በአብዛኛው የሚመጣው በቱርቦ ነው፤ ማዝዳ ራሱ በ2004 እና በ2005 ባለ 178 የፈረስ ጉልበት ቱርቦ ሚያታ ሸጧል። ነገር ግን ቱርቦው ብቻውን አይመጣም። ሙቀት ይጨምራል፤ ስለዚህ ትልቅ ራዲያተር ይፈልጋል። ፍጥነት ይጨምራል፤ ስለዚህ ሌላ ፍሬን ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ባለ 1.6 ሊትር መኪኖች ዲፈረንሻል ትንሽ ስለሆነ ይሰበራል፤ ከ1994 ወዲህ በመጣው ትልቅ ዲፈረንሻል መተካት አለበት። ባለ አምስት ማርሹ ካምቢዮም እስከ መጨረሻው አይችልም። ርካሽ ተብላ የተገዛችው መኪና በዚህ መንገድ የሌላ መኪና ዋጋ ትበላለች።

ያለ ተጨማሪ ጉልበት መደሰት እንደሚቻል የሚያረጋግጠው በአሜሪካ ስፔክ ሚያታ የሚባለው የውድድር ምድብ ነው። እዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ሞላና ሾክ አብዞርበር ይገጥማል፤ ሞተሩን ማጎልበት በደንቡ በጥብቅ የተገደበ ነው። ባለ 1.8 ሊትር ሞተሮች አንዳንዶቹ ከባለ 1.6ቱ ጋር እንዲስተካከሉ አየር ማስገቢያቸው ላይ ማነቂያ ይደረግባቸዋል። ብዙ መኪኖች ተጠጋግተው የሚሽቀዳደሙበት፣ በአገሪቱ ብዙ ተወዳዳሪ ካላቸው ምድቦች አንዱ የሆነው በዚሁ ደንብ ነው።

መኪናዋን ገና የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይመልከት። የ1990 እና የ1991 አንዳንድ ሞተሮች የክራንክ ሻፍታቸው አፍንጫ አጭር ስለነበር ፑሊው ከተላቀቀ ሞተሩን ይጎዳል። ከዚያ የባሰው ግን ዝገት ነው። ከሸራ ጣራው የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫው ኋላ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይፈስሳል። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው ከበሩ ሥር ወዳለው የብረት ሳጥን ይገባና ከውስጥ ይበላዋል፤ ቀለሙ ከውጭ ደህና ሆኖ ሳለ። ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ በጣት ተጭኖ ማየት፣ ምንጣፉን ገልጦም ወለሉን መፈተሽ ያስፈልጋል። የብረት ቅስቱ የሚታሰረው በዚሁ አካል ላይ ስለሆነ ዝገት የገባባትን መኪና፣ ሞተሯ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለትራክ መግዛት አይገባም። ኢንሹራንስም ቢሆን በአሜሪካ አብዛኛው ተራ ውል ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት ስለማይከፍል ለአንድ ቀን የሚሸጠው የተለየ ውል ዋጋ አስቀድሞ ተጠይቆ ከፍሬን ዘይቱና ከፍሬን ሸራው ጋር በመጀመሪያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት።